አምበሉ ማን ይሁን? ከሽንፈት በኋላ የሚነሣ የደጋፊ ጥያቄ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ክሪኬት ለታሪክ ትምህርት ክፍል ምኑ ነው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ያላደግንበት፣ ሕጉንም አብዛኞቻችን የማናውቀው ጨዋታ ነው። መልሴን ግን ከክሪኬት ሳይሆን ሁላችንም ከምናስታውሰው ነገር ልጀምር።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከናይጄሪያ ጋር ተጫውቶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በማግሥቱ በየታክሲው፣ በየቡና ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሰው ሁሉ መራጭ ሆኖ ዋለ። እገሌ ለምን ተሰለፈ? እገሌስ ለምን ተቀመጠ? ቡድኑን የመረጠው ማን ነው? እኔም ከመራጮቹ አንዱ ነበርሁ። እንዲህ ያለውን ወሬ የታሪክ ባለሙያ እንደ ዋዛ አይቶ ያልፈዋል፤ በመዝገብ ቤት አይቀመጥ፣ በቀን መዋዕል አይጻፍ። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። «ማን ይሰለፍ?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ «እኛን የሚወክለን ማን ነው? እርሱንስ የመምረጥ ሥልጣን የማን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይዟል። ድል ሲሆን ጥያቄው ይተኛል፤ ሽንፈት ይቀሰቅሰዋል።

ይህንን አጥርቶ ለማየት ከራሳችን ስሜት ራቅ ማለት ይበጃል። ስለዚህ ወደ ካሪቢያን ባሕር ደሴቶች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1960 ልውሰዳችሁ። ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ መሆኑን ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ ልበል። ክሪኬት በአሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው የሚደረግ ነው። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሜዳውንም ይጠብቃል፤ ሌላው በተራው በእንጨት መምቻ ኳሱን እየመታ በመሮጥ ነጥብ ይሰበስባል። አገሮች የሚገናኙበት ትልቁ ውድድር ቴስት ይባላል፤ በዚያ ዘመን አንዱ ጨዋታ አምስትና ስድስት ቀን ይፈጅ ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር የአምበሉ ሥልጣን ነው። በእግር ኳስ አምበል ክንዱ ላይ ጨርቅ ያስራል፣ ከዳኛው ጋር ይነጋገራል፤ ስልቱን የሚነድፈው አሰልጣኙ ነው። በዚያ ዘመን ክሪኬት ግን አምበሉ አዛዥ ነበር። ማን እንደሚወረውር፣ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቆም፣ ቡድኑ መምታቱን መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው እርሱ ነው። አምበል መሆን ማለት በአደባባይ፣ በሺህ ሰው ፊት፣ ለቀናት ሰው መምራት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡድኑ እንምጣ። ዌስት ኢንዲስ የሚባል አገር የለም። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ትሪኒዳድና ሌሎችም ደሴቶች፣ በደቡብ አሜሪካ ምድር ያለችው ብሪቲሽ ጊያናም ጭምር፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገዥ የሚተዳደሩ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። አንድ መንግሥት አልነበራቸውም፤ አንድ የክሪኬት ቡድን ግን ነበራቸው። ይህ ቡድን የመጀመሪያውን የቴስት ጨዋታ ያደረገው በ1928 በለንደን ነው። የጋራ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1958 ነውና አገር ከመኖሩ 30 ዓመት አስቀድሞ ብሔራዊ ቡድን ነበረ ማለት ነው። የባርቤዶስ አናጢና የትሪኒዳድ ወደብ ሠራተኛ «እኛ» የሚለውን ቃል በአንድነት የሚናገሩበት ቦታ የክሪኬት ሜዳ ነበር።

በዚያ ሜዳ ላይ ብዙዎቹ ድንቅ ተጫዋቾች ከባሪያ ፍንገላ የተረፉት አፍሪካውያን ልጆች፣ ወይም በኮንትራት ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ዘሮች ነበሩ። አምበሉ ግን ከ1928 ጀምሮ ነጭ፣ ወይም ከነጭ ወገን የሚቆጠር ሰው ነበር። ይህን የሚያዝዝ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ልማድ ነበር። ልማዱ ያረፈበት ሐሳብ ቅኝ አገዛዙ ራሱ ያረፈበት ሐሳብ ነው፦ ጥቁር ሰው ጉልበትና ተሰጥኦ አለው፣ ማስተዋልና መምራት ግን የሌላው ድርሻ ነው። ይህንን በፓርላማ የሚናገር ሰው መልስ ይሰጠው ነበር፤ በስፖርት ቦርድ ስብሰባ ግን ሐሳቡ ሳይነገር ይሠራ ነበር።

ጆርጅ ሄድሊን እንውሰድ። በዘመኑ በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ መቺዎች አንዱ ሲሆን በ22 የቴስት ጨዋታዎች ያስመዘገበው አማካይ 60.83 ነጥብ ነው። ይህ ሰው ቡድኑን በአምበልነት የመራው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1948 በባርቤዶስ ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዲሉ።

ከእርሱ በኋላ ከባርቤዶስ ሦስት ወጣቶች ተነሡ፤ ፍራንክ ዎሬል፣ ኤቨርተን ዊክስና ክላይድ ዎልኮት። በ1950 በጆን ጎዳርድ አምበልነት እንግሊዝን በገዛ አገሯ 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ስለ አምበሉ ቆዳ አጥብቆ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። በ1957 ቡድኑ በዚያው በጎዳርድ መሪነት ወደ እንግሊዝ ተመልሶ 3 ለ 0 ተሸነፈ። በ1950 ተኝቶ የነበረው ጥያቄ ያን ጊዜ ነቃ።

ጎዳርድን የተካው የጃማይካው ጄሪ አሌክሳንደር ነው። በኬምብሪጅ የተማረ፣ ከመቺው በስተኋላ ቆሞ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች ነበር። እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። አሌክሳንደር ደካማ ሰው አልነበረም፤ በእርሱ መሪነት ቡድኑ ፓኪስታንን በሜዳው፣ ሕንድንም በሜዳዋ አሸንፏል። ዎሬልም በዚያ ጊዜ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይከታተል ስለነበር ከቡድኑ የራቀባቸው ወቅቶች ነበሩ። ታሪኩን የደግና የክፉ ሰው ተረት አድርጎ ማቅረብ ይቀላል፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ችግሩ አሌክሳንደር አለመቻሉ አልነበረም። ዎሬል ተመልሶ፣ ከእርሱ የበለጠ ልምድ ይዞ በቡድኑ ውስጥ እያለ፣ ወደ ሕንድ በተጓዘ የኮመንዌልዝ ቡድን ውስጥም ሰው መምራት እንደሚችል አስመስክሮ ሳለ፣ አሁንም ታዛዥ ሆኖ መቆሙ ነበር።

ጥር 1960 ከእንግሊዝ ጋር የቴስት ውድድር በካሪቢያን ተጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ ዎሬል ሳይሸነፍ 197 ነጥብ አስመዘገበ። ሁለተኛው ጨዋታ በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን፣ በኩዊንስ ፓርክ ኦቫል ሜዳ ተደረገ። እንግሊዝ በመጀመሪያው ተራዋ 382 ነጥብ ሰበሰበች። ጃንዋሪ 30፣ ቅዳሜ፣ ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ሳለ የዌስት ኢንዲስ መቺዎች አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። ነጥቡ 98 ላይ ስምንተኛው ሰው ወጣ፤ እርሱም የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርግ የነበረ የትሪኒዳድ ልጅ ቻራን ሲንግ ነው። ዳኛው የወሰነው ውሳኔ ትክክል ነበር። ሆኖም ጠርሙስ መወርወር ተጀመረ፣ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ፈሰሰ፣ የዕለቱም ጨዋታ ተቋረጠ። ዌስት ኢንዲስ በዚያ ተራ በ112 ነጥብ ተጠናቀቀች፤ በመጨረሻም በ256 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈች። አምስቱ ጨዋታዎች ሲያበቁ ከቀሩት አራቱ ማንም አሸናፊ አልወጣም፤ የዓመቱን ውጤት የወሰነው ያ ጨዋታ ነበር።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። የተወረወረ ጠርሙስ ሰነድ ነውን? ሰነድ ከሆነስ እንዴት ይነበባል? ቀላሉ ንባብ ሙቀቱን፣ መጠጡንና የሕዝቡን «ስሜታዊነት» መውቀስ ነው። ይህ ንባብ የገዥን ዓይን ይዞ ያያል፤ ሕዝብ ሲቆጣ ምክንያት ሳይሆን ሕመም ይፈልግለታል። ዳኛው ካልተሳሳተ የጠርሙሱ አድራሻ ዳኛው አይደለም። ታዲያ አድራሻው ማን ነው?

ለዚህ መልስ የሰጠው በዚያው ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ደጋፊ ነው። ስሙ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ይባላል። ይህ ሰው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለምና ቆም ብዬ ላስተዋውቃችሁ።

ጄምስ በ1901 በትሪኒዳድ ተወለደ። በ1932 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በኔልሰን ከተማ ከታዋቂው ክሪኬት ተጫዋች ከሊሪ ኮንስታንታይን ቤት አረፈ፤ ለጋዜጣም ስለ ክሪኬት ይጽፍ ነበር። በ1935 ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በለንደን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ዓለም አቀፍ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር እርሱ ነበር፤ ጆሞ ኬንያታና ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ አብረውት ሠርተዋል። ጄምስ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ለመሰለፍ ፈልጎ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ለነበሩት ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ራሱን አቅርቦ ነበር፤ እርሳቸውም በማኅበሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይበልጥ እንደሚጠቅም ነገሩት። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሄይቲ ባሮች አብዮት የጻፈውን «ጥቁሮቹ ያኮቢኖች» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ።

ይህ ሰው በ1958 ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ «ኔሽን» የተባለው የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ፌዴሬሽኑ ገና የተመሠረተበት፣ ነጻነት የሚጠበቅበት ወቅት ነበር። ከፖርት ኦፍ ስፔን ሽንፈትና ብጥብጥ በኋላ ጄምስ በጋዜጣው አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ፤ አሌክሳንደር ከአምበልነት ይውረድ፣ ዎሬል ይሾም።

የዘመቻው አካሄድ ትምህርት ሰጪ ነው። በመጀመሪያ ጉዳዩን በችሎታ ላይ አቆመው፤ «ጥቁር ስለሆነ ይሾም» ሳይሆን «ከሁሉም የበቃው እርሱ ሆኖ ሳለ ጥቁር በመሆኑ አይከልከል» ነበር የሚለው። ቀጥሎ ነገሩን ከተጫዋቹ ወደ መራጮቹ አዞረው፤ ተጠያቂው በሜዳው ላይ የተሳሳተው ወጣት ሳይሆን ከመጋረጃው ጀርባ የሚወስነው ቦርድ ነው። በመጨረሻም ይህን ሁሉ በሹክሹክታ ሳይሆን በጋዜጣ፣ በግልጽ ቋንቋ አደረገው። በቡና ቤት የነበረው ወሬ የአደባባይ ክርክር ሆነ። በእርሱ ንባብ ጠርሙሱ የተወረወረው ሕዝቡ የኔ በሚለው ነገር ላይ ድምፅ ስላልነበረው ነው።

ቦርዱ ዎሬልን ለ1960–61ቱ የአውስትራሊያ ጉዞ አምበል አድርጎ ሾመ። በአንድ ሙሉ የጨዋታ ተከታታይ ዌስት ኢንዲስን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ።

የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በዲሴምበር 1960 በብሪዝበን በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ዌስት ኢንዲስ 453 እና 284፣ አውስትራሊያ 505 እና 232 አስመዘገቡ። ደምሩት፤ ሁለቱም 737 ነው። በመጨረሻው የስምንት ኳስ ዙር አውስትራሊያ 6 ነጥብ ብቻ ይቀራት ነበር፤ አንድ ኳስ ሲቀር የመጨረሻው ሰው ወጣ፣ ነጥቡም እኩል ሆኖ ቀረ። በቴስት ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ታይቶ አያውቅም ነበር። ዌስት ኢንዲስ የጉዞውን አጠቃላይ ውድድር 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሆኖም በፌብሩዋሪ 1961 ተሸናፊዎቹ ክፍት መኪና ላይ ሆነው በሜልበርን ጎዳናዎች ሲያልፉ ሊሰናበታቸው የወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ሁለቱ አገሮች ከዚያ ጀምሮ የሚወዳደሩበት ዋንጫ በዎሬል ስም ተሰየመ። በ1963 ዎሬል ቡድኑን ወደ እንግሊዝ መርቶ 3 ለ 1 አሸነፈ። በ1967 ገና በ42 ዓመቱ በደም ካንሰር ሲሞት በዌስትሚንስተር ገዳም የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገለት፤ ለስፖርት ሰው ይህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር።

እስካሁን የነገርኋችሁ ደስ የሚል ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ግን ደጋፊ ሁልጊዜ ትክክል ነው ያልሁ ይመስልብኛል። ሁለት ነገሮች ይህን እንዳልል ይከለክሉኛል።

አንደኛው ራሱ አሌክሳንደር ነው። ከአምበልነት የተሻረው ሰው አልቀረም፤ በዎሬል ሥር ምክትል ሆኖ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በአምስቱ ጨዋታዎች 484 ነጥብ በ60.50 አማካይ አስመዝግቦ በአማካይ ነጥብ ከቡድኑ መቺዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ በሲድኒም በሕይወቱ ብቸኛውን ባለ መቶ ነጥብ ጨዋታ አደረገ። «ይውረድ» የተባለው ሰው፣ የወረደበትን ሥርዓት ሳያኮርፍ፣ ለተተካበት ሰው ድል ደከመ። የደጋፊው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ በጥያቄው መካከል የቆመው ሰው ግን ከጥያቄው በላይ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሥርዓት ሲወቀስ በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ሰው አብሮ ማቃጠል እንዴት ቀላል እንደሆነ ይህ ያስታውሰናል።

ሁለተኛው ብራዚል ነው። ጁላይ 16 ቀን 1950 በማራካኛ ስታዲየም ብራዚል በኡራጓይ 2 ለ 1 ተሸንፋ የዓለም ዋንጫን አጣች። በዚያም ደጋፊው «ማን ነው ያሰለፈው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ግን ወደ መራጮች አልሄደም፤ በግብ ጠባቂው በሞአሲር ባርቦዛና በሌሎች ጥቁር ተጫዋቾች ላይ አረፈ። ባርቦዛ በ2000 እስኪሞት ድረስ ያ አንድ ግብ እየተነሣበት ኖረ። በትሪኒዳድ የደጋፊ ቁጣ ለጥቁር ሰው በር ከፈተ፤ በብራዚል ያው ቁጣ በጥቁር ሰው ላይ በር ዘጋ። ጊዜው የአሥር ዓመት ልዩነት ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? እኔ የምለው እንዲህ ነው። የጄምስ ጥያቄ የምርጫውን ሥርዓት ይመረምራል፦ መራጩ ማን ነው? መስፈርቱ ምንድን ነው? ማንስ ሳይታይ ቀረ? የማራካኛው ጥያቄ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። የመጀመሪያው ከሽንፈቱ በፊት ወደ ነበረው ዘመን ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ከመጨረሻዋ ደቂቃ አልፎ አያይም። ታሪክ የሚያስተምረን ሥራ ካለ ከመጨረሻዋ ደቂቃ በስተኋላ ያለውን ማየት ነው።

እኛም ከዚህ ጥያቄ ነጻ አልነበርንም። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ሊሳተፉ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእርስዋ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፣ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በዚያ ዋንጫ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ክንውን ግብ አይደለም፤ የተሰላፊዎች ዝርዝር ነው። ይድነቃቸው ተሰማን የመሰሉ የአፍሪካ እግር ኳስ መሥራቾች ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉትም ለዚህ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ ቡድናችን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ወረራው ካበቃ ገና ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። «እኛ» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰፊ ሊሆን እንደሚችል ያ ቀን ያሳያል። አሸንፈን ስለነበር ግን ጥያቄውን ጮክ ብለን አልጠየቅነውም፤ ስላልጠየቅነውም መልሱን በሚገባ አልጻፍነውም።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የአምበል መለወጥ አገር አያድንም። ዎሬል በተሾመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1962፣ የዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ጃማይካና ትሪኒዳድ ለየብቻ ነጻ ወጡ። ቡድኑ ግን አልፈረሰም። እስከ ዛሬም እነዚያ ደሴቶች በአንድነት «እኛ» የሚሉት በዚያው ሜዳ ነው። ፖለቲከኞች ያላቆዩትን ጨዋታው አቆየው ማለት እችላለሁ፤ የተረፈው ግን ራሱን ካረመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። የምርምር ርእስ ስትፈልጉ ወደ ዐዋጅና ደብዳቤ ብቻ አትሂዱ። የቆዩ የስፖርት ጋዜጦችን አንብቡ፤ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራሞችን ቅጂ ፈልጉ፤ በስታዲየም በር ያረጁ አባቶችን ጠይቁ፤ ከድሉ ይልቅ ከሽንፈቱ ማግሥት የተባለውን ጠይቁ። ያን ጊዜ ሰው የሚናገረው ስለ ኳስ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚናገረው ማን እንዲወክለው እንደሚፈልግ ነው። ቀጣዩ ሽንፈት ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ እናንተም በየታክሲው መራጭ ስትሆኑ፣ አፋችሁ ላይ ያለው ስም የመራጩ ነው ወይስ የባርቦዛ? ቆም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።